ልጁ ነጥቷል፣ ይደማልም፦ ስለ ቫይታሚን እጥረት የደም ማነስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ልጆች ደም ማነስ ሲወራ አብዛኛው ወሬ ስለ መንጣትና ስለ ድካም ነው። መድማቱ ይረሳል። ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት ወላጆች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ በቀላል አማርኛ መልሻለሁ። ጽሑፉ ሐኪም አይተካም። ልጃችሁ አሁን እየደማ ከሆነ ሌላውን ተዉትና «ሳናድር መነሳት ያለብን መቼ ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ውረዱ።

ደም ማነስ ያለበት ልጅ ሁሉ ይደማል እንዴ?

አይደማም። ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ማነስ ከብረት እጥረት የሚመጣው ነው። ብረት ያነሰው ልጅ ይነጣል፣ ይደክማል፣ አንዳንዱ አፈር መላስ ያምረዋል። በዚያ ምክንያት ግን አይደማም። እንዲያውም በብረት እጥረት ጊዜ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ብዙ ጊዜ ከወትሮው በዝተው ይገኛሉ።

ስለዚህ የነጣ ልጅ መድማት ከጀመረ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ መድማቱ ራሱ ነው ያነጣው። ወይ ደግሞ መንጣቱንም መድማቱንም አንድ ላይ ያመጣ ነገር አለ። ሁለቱም ሽሮፕ ገዝቶ ቤት በመቀመጥ አይፈቱም። በዚህ ገጽ ከምትይዙት ሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ያዙልኝ።

ታዲያ የትኛው ቫይታሚን ሲጎድል ነው ልጅ የሚደማው?

አራት ናቸው፦ ቢ12፣ ፎሌት፣ ሲ እና ኬ። መንገዳቸው ግን ይለያያል።

ቢ12 እና ፎሌት (ፎሊክ አሲድ የምንለው የፎሌት የመድኃኒት ዓይነቱ ነው) ለደም ሕዋሳት መከፋፈል ያስፈልጋሉ። ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲጎድሉ መቅኔው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ያብጣሉ እንጂ አይከፋፈሉም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ቡሃቃውን ሞልቶታል፣ ተጋግሮ የሚወጣው እንጀራ ግን ጥቂት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቀይ ሕዋስ ላይ ብቻ አይቆምም። ነጭ ሕዋስም ይቀንሳል፣ ፕላትሌትም ይቀንሳል። ጤነኛ ልጅ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው። እጥረቱ ሲከፋ ይህ ቁጥር ይወርዳል፣ ልጁም ይነስረዋል፣ ድዱ ይደማል፣ ቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ቅነሳው መጠነኛ ነው። ከባድ መድማት የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው። ሲያመጣ ግን አይቀለድበትም።

ቫይታሚን ሲ ሌላ መንገድ አለው። የደም ሥር ግድግዳን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ሲጎድል ፕላትሌቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ደሙ ከየደም ሥሩ ይሾልካል።

ቫይታሚን ኬ ደግሞ ጉበት ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች እንዲሠራ ያስችለዋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ልጁ መጀመሪያ ይደማል፣ የደም ማነሱ ከዚያ ይመጣል።

እኛ ቤት ምስርና ባቄላ አይጠፋም። ፎሌት እንዴት ይጎድላል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በምግብ ረገድ እውነታችሁን ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 150 ማይክሮግራም ፎሌት ይበቃዋል። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ይህን ይሸፍናል። ሽሮውም፣ ባቄላውም፣ ጎመኑም ይረዳል። ጎመኑን ግን ቀቅላችሁ ውሃውን ከደፋችሁ ብዙው ፎሌት አብሮ ተደፋ።

ችግሩ የሚመጣው በሌላ በር ነው። ለወራት የዘለቀ ተቅማጥ ያለበት ልጅ የበላውን አይወስድም። ወባ ደጋግሞ የሚይዘው የቆላ ልጅ ቀይ ሕዋሱ እየፈረሰ ምትክ ለመሥራት ብዙ ፎሌት ይጨርሳል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስድ ልጅም ፎሌቱ ሊቀንስ ይችላል። መድኃኒቱን እንዳታቋርጡበት፤ ለሐኪሙ ብቻ ንገሩ።

አንድ ሌላም አለ፦ የፍየል ወተት። በቆላው በኩል ፍየል በሚረባበት አካባቢ ጡት ለቀረበት ሕፃን የፍየል ወተት ብቻ የሚሰጥ ቤት አለ። የፍየል ወተት ፎሌቱ በጣም ትንሽ ነው። ሌላ ምግብ ሳይታከልበት ለወራት እሱን ብቻ የጠጣ ሕፃን የፎሌት ደም ማነስ ይይዘዋል። የላም ወተትም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ዋና መጠጥ መሆን የለበትም። ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ አንጀቱንም አስቆጥቶ በዓይን የማይታይ ደም በሰገራ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል።

ጾም ከቢ12 እጥረት ጋር ይያያዛል? በቅንነት ይመለስልኝ።

ይያያዛል፤ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፦ ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከዓሣ። ጤፍ የለውም፣ ገብስ የለውም፣ ምስር የለውም። አዋቂ ሰው ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ጉበቱ ውስጥ ያከማቻል። ስለዚህ ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ጤነኛ አዋቂ በዚያ ብቻ አይጎዳም። ሕፃን ግን ያ ስንቅ የለውም። ይዞ የሚወለደው እናቱ የሰጠችውን ነው፤ የሚጠባውም የእናቱን ነው።

የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን የሚሆን የግዴታ ጾም አለው። በፍስክ ቀኑም ቢሆን ወተቱና እንቁላሉ ተሸጦ ለቤት ወጪ የሚውልበት ቤት ብዙ ነው። እናትየው እንዲህ ዓመታት ካሳለፈች፣ ነፍሰ ጡርም ሆና ጡትም እያጠባች ከቀጠለች፣ ሕፃኑ ከ4ኛው ወር እስከ ዓመቱ ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ይነጣል። ምላሱ ቀልቶ ይለሰልሳል። የጣቶቹ አንጓ ይጠቁራል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው፣ መቀመጥ የጀመረው ልጅ መቀመጥ ይተዋል፤ ይስቅ የነበረው ፊቱ ይጨልማል። «ዓይን በላው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይሄኔ ነው። ጠበል መውሰድ ትችላላችሁ፣ ሐኪም ቤቱ ግን አይቅር። ቢ12 በጊዜው ካልተሰጠ የነርቭ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ሥርዓቱም ቢሆን ሕፃናትን አያስገድድም። በልማድ ጾም የሚጀመረው በ7 ዓመት ነው። ነፍሰ ጡርና አራስም ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ እንዳትጾም ይፈቀድላታል። ዋናው ችግር ትእዛዙ ላይ ሳይሆን ማድ ቤቱ ላይ ነው። ድስቱ የጾም ድስት ነው፣ በጾም ወተት ቤት ውስጥ አይነካም፣ ስለዚህ የ2 ዓመቱ ልጅም ሳይታዘዝ አብሮ ይጾማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለልጁ ትንሽ ድስትና ኩባያ ለይቶ ማስቀመጥ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ቢ12 0.9 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አንድ ኩባያ ወተት ወደዚያ ይጠጋል። አንድ እንቁላል ግማሹን ያህል ይሰጣል።

የልጄ ድድ አብጦ ይደማል፣ እግሩንም አልነካ አለኝ። ጥርሱ ነው?

ጥርስ ሊሆን ይችላል። ድዱ ከእግር ሕመም ጋር ከመጣ ግን የቫይታሚን ሲ እጥረትን አስቡ። ስኩርቪ ይባላል። የድሮ መርከበኞች በሽታ ተብሎ ተረስቷል፤ ዛሬም ግን ፍራፍሬና ጥሬ አትክልት ጨርሶ የማይበላ ልጅ ላይ ይገኛል።

መልኩ እንዲህ ነው። ልጁ መሄድ ያቆማል፣ ወይ ያነክሳል። ሲያቅፉት ያለቅሳል፤ አጥንቱን በሸፈነው ሽፋን ሥር ደም ስለሚፈስ ያመዋል። ድዱ ወይን ጠጅ መስሎ ያብጣል። የሚያብጠው ጥርስ በበቀለበት ቦታ ነው፤ ጥርስ የሌለው ሕፃን ድዱ ደህና ሊሆን ይችላል። በየፀጉሩ ሥር ቀያይ ነጥብ ይታያል። የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ቫይታሚን ሲ ከ1 እስከ 3 ወር ሲቋረጥ ነው።

የደም ማነሱ ከሁለት በኩል ይመጣል። ደም በቆዳውና በአጥንቱ ዙሪያ ይባክናል። ቫይታሚን ሲ ሲያንስ ደግሞ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በደንብ አይመጠጥም።

በሶ፣ ገንፎ፣ ቆሎና የገብስ እንጀራ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ቫይታሚን ሲ ግን የላቸውም። ደጋ ላይ ብርቱካን ውድ ነው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ይበቃዋል፤ ይህ ከአንድ ብርቱካን ሩብ ያህል ነው። ጥሬ ቲማቲም፣ ብዙ ያልበሰለ ጥቅል ጎመን፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች፣ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ምስር ያግዛል። ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣው ማንጎና ፓፓያም አለ። ሲፈላ የቆየ ወጥ ውስጥ የገባ ቲማቲም ግን ቫይታሚኑ ብዙ አይተርፍም።

ሕክምናው ደስ የሚል ነው። በሐኪም መጠን ቫይታሚን ሲ ሲጀመር ሕመሙና መድማቱ በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል።

አራስ ልጅ እትብቱ ደም አላቆም አለ። ቫይታሚን ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ሊሆን ይችላል፣ ድንገተኛም ነው። ቫይታሚን ኬ ከእናት ወደ ፅንስ እምብዛም አያልፍም። በጡት ወተት ውስጥም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሕፃን ሁሉ ሲወለድ አነስተኛ ነው ያለው፤ የጎበዝ እናት ልጅም ቢሆን። ለዚህ ነው በተወለደ ሰዓት ጭኑ ላይ ቫይታሚን ኬ የሚወጋው፤ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ 1 ሚሊግራም፣ ያለጊዜው ለተወለደ 0.5።

ያልተወጋ ሕፃን በመጀመሪያው ሳምንት ከእትብቱ፣ ከአፍንጫው ወይም ከአንጀቱ ሊደማ ይችላል። ከባዱ ግን የዘገየው ነው። ከ2ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 6 ወር ድረስ፣ ደህና የነበረ ሕፃን ድንገት ይተፋል፣ ጡት ይጠላል፣ እርግቡ ይነፋል፣ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ ደሙ የፈሰሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ቤት የወለዳችሁ እንደሆነ በዚያው ቀን ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱና «ቫይታሚን ኬ ይወጋልን» በሉ። ክትባቱ ሲመጣ ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ይህ ክትባት አይደለም፤ የክትባት ቀንም አይጠብቅም።

እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስነቀል፣ ግርዛት፣ ዋግምት… ይከለከላል?

እንጥልና ግግ ለማንም ልጅ አይጠቅሙም። ይጎዳሉ። ለነጣ ልጅ ደግሞ ገዳይ ናቸው። ፕላትሌቱ የወረደ ወይም ቫይታሚን ኬ ያልተወጋ ሕፃን ጉሮሮው ውስጥ በስለት ሲቆረጥ ደሙን የሚይዝለት የለም። ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚዋጥ እናት እንኳን ምን ያህል እንደፈሰሰ አታይም። በእኛ አገር አያቶች ይህን በክፋት አያደርጉትም፤ «ጉሮሮውን ሊዘጋው ነው» ብለው ፈርተው ነው። ስለዚህ እማማን አትቆጧቸው። አስረዷቸው፤ ልጁን ግን አትስጡ።

የወንድ ልጅ ግርዛት የነጣ ወይም በቀላሉ የሚበልዝ ልጅ ላይ ይቆይ፤ ደሙ ተመርምሮ በጤና ተቋም ይደረግ። ዋግምት ለልጅ አይሆንም፣ በቃ።

ቆዳው ላይ የወጣው ነጠብጣብ የቁንጫ ይሁን የደም እንዴት ልለይ?

ንጹሕ ብርጭቆ ጫን አድርጉበት። የቁንጫ ንክሻና ተራ ሽፍታ ሲጫኑት ይደበዝዛል። ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም አይጠፋም። የደም ነጠብጣብ አያሳክክም፣ ብዙ ጊዜ ቅልጥም ላይ ይጀምራል። ልጅ ሲጫወት ቅልጥሙና ጉልበቱ መበለዙ ያለ ነው። ሳይወድቅ ሆዱ፣ ጀርባው ወይም ጆሮው አካባቢ ከበለዘ ግን ያሳስባል።

ነጠብጣቡ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ሰዓት አትጠብቁ። ማጅራት ገትርም እንዲህ ይጀምራል።

ሳናድር መነሳት ያለብን መቼ ነው?

ከነዚህ አንዱ ከታየ፦ 20 ደቂቃ ተይዞ ያልቆመ ነስር፤ ደም ያለበት ትውከት፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ሰገራ ወይም ቀይ ደም፤ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፤ መንቀጥቀጥ፤ መደንዘዝ ወይም ከእንቅልፍ አለመንቃት፤ ሲያርፍም የሚያለከልክ ትንፋሽ፤ ትኩሳትና የማይጠፋ ነጠብጣብ፤ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ከየትም ቦታ መድማት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ደውላችሁ አምቡላንስ አስጠሩ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ አምቡላንሱ እስኪመጣ አትቀመጡ፤ በተገኘው መኪና ተነሱና መንገድ ላይ ተገናኙ።

ሲነስረው ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

አታንጋጡት። አስቀምጡትና ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ 10 ደቂቃ ያዙ። በየመሃሉ እየለቀቃችሁ «ቆመ?» ብላችሁ አትዩ፤ ነስር የሚራዘመው በዚህ ነው። በአፉ ይተንፍስ፣ ወደ ጉሮሮው የወረደውን ይትፋ። አፍንጫው ውስጥ ቅጠልም ጥጥም አትጠቅጥቁ።

ትኩሳት ቢኖረውስ? ምን ልስጠው?

ፓራሲታሞል፣ በክብደቱ ልክ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የፕላትሌትን ሥራ ስለሚያዳክሙ ለሚደማ ልጅ አይሰጡም። መርፌም በዘፈቀደ አይወጋ፤ ፕላትሌቱ የወረደ ልጅ በተወጋበት ጡንቻ ውስጥ ደም ሊጠራቀም ይችላል።

ምን ምርመራ ይታዘዝለታል?

የመጀመሪያው ሲቢሲ ነው። ትንሽ ደም ተወስዶ ቀይ ሕዋስ፣ ነጭ ሕዋስና ፕላትሌት ይቆጠራል። ውጤቱን ስትቀበሉ «ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። «ፕላትሌቱስ? ነጭ ሕዋሱስ?» በሉ። ቀጥሎ የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ካለ ቀይ ሕዋሱ ገዝፎ፣ የነጭ ሕዋሱ አስኳልም ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይታያል። ብረትም አብሮ ከጎደለ ግን የሕዋሱ መጠን መካከለኛ መስሎ ያታልላል። የቢ12ን መጠን ራሱን የሚለካው ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ለመርጋት ችግር ደግሞ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ይለካል።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት ነገር አለ። ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ደም አንሶታል የሚባለው ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር ከ11 ግራም ሲወርድ ነው። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል የተቀመጠ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ ሕዋስ አብዝቶ ይሠራል። ስለዚህ ከተለካው ላይ ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ ነው መፈረድ ያለበት። 12 የወጣለት የደብረ ብርሃን ልጅ ደም አንሶት ሊሆን ይችላል። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ያለ እኩያው በዚያው 12 ደህና ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው «መደበኛ» የሚለው መስመር ይህን ላያስብላችሁ ይችላል፤ ጠይቁ።

ቫይታሚን ነው ብለን ስንጠብቅ ሌላ በሽታ ቢሆንስ?

ይህ ነው የሚያስፈራኝ። መንጣት፣ መድማትና ትኩሳት ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የደም ካንሰርም በዚሁ መልክ ይመጣል። የአጥንት ሕመም፣ የአንገት ወይም የብብት እጢ ማበጥ፣ የሆድ መነፋት ካለ ጥርጣሬው ይጨምራል። ወባም ፕላትሌትን ያወርዳል፤ ከቆላ የመጣ ልጅ ሳይመረመር አይታለፍ። ቤተሰቡ ለሥራ ወደ ሑመራ ወይም መተማ ወርዶ ከነበረ ካላዛርም (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይታሰባል፤ እሱም ሦስቱንም የደም ሕዋሳት ያወርዳል፣ ጣፊያንም ያሳብጣል።

ስለዚህ የሐኪም ሪፈር ሲጻፍላችሁ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ደብረ ብርሃን ላይ ካልተለየ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የልጆች የደም በሽታ ክፍል አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። ለጊዜው ልጁን የተሻለው ያስመስለዋል፣ የደም ካንሰር ከሆነ ግን ምርመራውን ያደናግራል።

ፋርማሲ ሄጄ የደም ማነስ ሽሮፕ ብገዛስ?

ለሚደማ ልጅ አይሆንም። በብዛት የሚሸጠው የብረት ሽሮፕ ነው፤ ቢ12 ለጎደለው ልጅ ብረት ምንም አይፈይድም። ቢ ኮምፕሌክስ የሚባለውም ሁሉም አንድ አይደለም። አንዳንዱ ፎሌት የለውም፣ ቢ12ቱም ለሕክምና አይበቃም።

ፎሊክ አሲድ ብቻውን መስጠት ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። የጎደለው ቢ12 ከሆነ ፎሊክ አሲዱ ደሙን ያሻሽለዋል፣ ልጁ ይቀላል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል። ነርቩ ግን በስውር እየተጎዳ ይሄዳል። ሐኪሞች ቢ12ን አስቀድመው ወይም አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ቀይ ሥር ደም ይተካል ይባላል።

ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም። ፎሌት ግን አለውና ይብላ። ቢ12 የለውም። ደግሞ አንድ ነገር፦ ቀይ ሥር የበላ ልጅ ሽንቱም ሰገራውም ሊቀላ ይችላል። በዚህ የተነሳ ደንግጦ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ወላጅ አለ። አልስቅበትም፤ ባይሄድ ነበር የሚያሳዝነው።

ብረት ከጀመረ ወዲህ ሰገራው ጠቆረ። እየደማ ነው?

ምናልባት አይደለም። ብረት ሰገራን ያጠቁራል። የብረቱ ጥቁር ቅርጹን ይይዛል፣ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ያደላል። የደሙ ጥቁር የሚያብረቀርቅና የሚያጣብቅ ነው፣ ሽታውም ለየት ያለና ከባድ ነው። ካልለያችሁት አሳዩ።

ሕክምና ከጀመረ በስንት ጊዜ ይድናል?

ቢ12 ወይም ፎሌት ከሆነ መጀመሪያ የሚመለሰው ፊቱና የምግብ ፍላጎቱ ነው፤ በ1 ወይም 2 ቀን። በሳምንቱ አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት በብዛት ይታያሉ። ፕላትሌት በ1 ወይም 2 ሳምንት ይነሳል። ሄሞግሎቢኑ ሙሉ ለመሆን ከ1 እስከ 2 ወር ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት ፕላትሌቱ ካልተነሳ «ጊዜ ይፈልጋል» ብላችሁ አትታገሡ፤ ምርመራው እንደገና ይታይ።

በጣም የነጣ ልጅ ሕክምናው ሲጀመር ተኝቶ ቢታከም ይሻላል። አዲስ ደም በፍጥነት ሲሠራ ፖታሲየም ከደም ውስጥ ስለሚወሰድ ልብን ሊያስቸግር ይችላል። ደም መስጠት የሚታሰበው ሄሞግሎቢኑ ከ4 በታች ሲሆን፣ ወይም ከ4 እስከ 6 ሆኖ ልጁ መተንፈስ ሲያስቸግረው ወይም እየደማ ሲሆን ነው። ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው። «ቶሎ አይፈስም እንዴ?» ብላችሁ ነርሷን አታጣድፏት።

ሐኪም ቤት ምን ይዘን እንሂድ?

የክትባት ካርዱን፣ የጤና መድህን ደብተሩንና የሪፈር ወረቀቱን። ልጁ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ከባህል ሐኪም የተሰጠም ካለ አትደብቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ነጠብጣቡ ወይም መበለዙ ሊጠፋ ስለሚችል በስልክ ፎቶ አንሱት። ሕፃኑ ጡት የሚጠባ ከሆነ እናቱ ራሷ ትሂድ። የቢ12 እጥረት ከተገኘበት እሷም ተመርምራ መታከም አለባት፤ አለዚያ ልጁ ከሚጠባው ወተት ቢ12 አያገኝም።